ወደ ባሮ የሚወርደው ደረጃ

እናቴ አቦቦ አጠገብ በሚገኝ የችግኝ ጣቢያ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት በአፈር፣ በአሸዋና በፍግ ትሞላለች፤ ዘር ትተክልበታለች፤ ከዚያ በሣር ዳስ ሥር ትደረድረዋለች። ትምህርት በማይኖርበት ቀን እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እሞላ ነበር። የሞላሁትን ከረጢት አንስታ በጣቶቿ ጫን ጫን ታደርገውና፣ "ይሄ በጣም ጠብቋል፤ ሥሩ መሄጃ ያጣል" ወይም "ይሄ ደግሞ ላላ፤ ሲጫን ይፈርሳል" ብላ ትመልስልኛለች። ቁጣ አታውቅም። እኔም አፈሩን አፍስሼ እንደገና እሞላለሁ። ዛሬ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አንዳንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ሳልፍ "ይሄን እኔ ሳልሞላው አልቀርም" እላለሁ። እውነት ይሁን አይሁን ግድ የለኝም፤ ማሰቡ ደስ ይለኛል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጋምቤላ ከተማ ስጨርስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም። በዚያው ሰሞን ከተማው መንገዶቹን በኮብልስቶን ያነጥፍ ስለነበር ከሰፈር ልጆች ጋር ተደራጅቼ ገባሁ። ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ያመላልሱ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ መዶሻው ላይ ቀረ። የሚያስተምሩን ከደጋ የመጡ አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። መጥረብ እንደምፈልግ ስነግራቸው አልሳቁብኝም። ድንጋዩን በመዳፋቸው አገላብጠው፣ "ድንጋይ እንደ እንጨት ነው፤ መሰንጠቂያ መስመር አለው። እሱን ካገኘሽ ብዙ መምታት አያስፈልግሽም" አሉኝ። መጀመሪያ ጣቶቼ ተላላጡ፤ ቆይተው ጠነከሩ። ቀስ በቀስ የማንጠፍ ሥራ ተሰጠኝ። ንጣፍ ሲያዩት ሜዳ ይመስላል እንጂ ሁልጊዜ ዘንበል ያለ እንደሆነ ያን ጊዜ ተማርኩ። ለውሃ መንገዱን ካላበጁለት ራሱ ያበጃል፤ ሲያበጅ ደግሞ ማንንም አያማክርም።

ፈተናውን ደግሜ ተፈትኜ አዲስ አበባ ገባሁ። ላንድስኬፕ አርክቴክቸር ልማር መሆኔን የሰሙ ዘመዶቼ፣ "አትክልተኛ ለመሆን ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?" ብለው ቀለዱብኝ። ዝናብ የሚሄድበትን፣ ሰው የሚቀመጥበትን፣ ጥላ የሚወድቅበትን ቦታ አስቀድሞ ማሰብ ሙያ መሆኑን ለማስረዳት ሞክሬ ተውኩት። ትምህርቱን ግን ወደድኩት። የክፍል ጓደኞቼ ኮምፒውተር ላይ ከእኔ ይፈጥኑ ነበር፤ ሞዴል መሥራት ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈር የነኩት ያን ጊዜ ነበር።

ተመርቄ አንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ተቀጠርኩ። አለቃዬ በሙያው የተከበረ፣ መስመሩ የማይሳሳት ሰው ነበር። የጋምቤላ ከተማ የባሮን ዳርቻ መናፈሻ አድርጎ ለማልማት ሲወስን ሥራው ለእኛ ቢሮ ደረሰ። ንድፉን የሠራው እሱ ነው፤ በክረምት የሚናደውን ዳርቻ የሚደግፍ ቀጥ ያለ የኮንክሪት ግድግዳ፣ ከግድግዳው በላይ ሣር፣ ዘንባባና አጥር፣ ከሥር ውሃው ጠርዝ ላይ ደግሞ ለውበት የተተከለ ረጅም የደንገል ሣር። ወረቀት ላይ ያምራል። እኔ የአካባቢው ልጅ ስለሆንኩ ይዤው እንድሄድና እንዳስረዳ ላከኝ።

መዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ሥዕሉን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አበራሁት። አንድ መምህር ወደ አኙዋክኛና ወደ ኑዌርኛ ተረጎሙልኝ። አስተያየት ስጠይቅ አንዱ ተነስቶ "ጥሩ ነው" አለ። ሁለተኛውም "በጣም ጥሩ ነው" አለ። ከዚያ ተጨበጨበ። ከአዳራሹ ስወጣ ጠዋቱ ገና አልሞቀም ነበር፤ ከድልድዩ በታች ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ጭነት የሚያመላልሱት ጀልባ ነጂዎችም ከጀልባቸው ጋር ናቸው። ሥዕሉ የተሠራላቸው ሰዎች በሙሉ ሥራ ላይ ነበሩ።

በማግስቱ የቆሸሸ ልብሴን በሳፋ ይዤ ወረድኩ። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ። ከመካከላቸው ሁሉም "እናታችን" የሚሏቸው ጸጉራቸው የሸበተ አሮጊት ነበሩ፤ ልጆቻቸውን በልብስ አጠባ ያሳደጉ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥም የሴቶች መሪ። በአኙዋክኛ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። እናቴን ስጠራላቸው አወቋት። ከዚያ በኋላ የመጣሁበትን ነገርኳቸውና ሥዕሉን በስልኬ አሳየኋቸው። ደንገሉ ላይ ሲደርሱ ስልኩን ለጎረቤታቸው አቀበሉ፤ እሷም ለቀጣይዋ አቀበለች።

"እዚህ ሣር ውስጥ ማን ነው የሚተኛው?" አሉ አሮጊቷ።

"አዞ" አለች አንዷ ልብሷን እየጨመቀች።

ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ቶሎ አበቃ። እዚያ የተቀመጡት ሁሉ ከረጅም ሣር ውስጥ በወጣ አዞ የተጎዳ ሰው ያውቃሉ። ውሃው ዳር ማየት የሚከለክል ነገር እንዳይኖር ፈለጉ። ከዚያ ወሬው ቀጠለ፤ ውሃ ይዞ አቀበቱን መውጣት፣ በክረምት ጭቃው ማንሸራተቱ፣ ከጀልባዎቹ የሚፈሰው ዘይት። የአዳራሹ ጭብጨባ ቀርቶ አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ ትቀበል ነበር።

የከተማው መሐንዲስ ከኢሉባቦር ደጋ የመጡ፣ ጋምቤላ ውስጥ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሴቶቹን እንደሰማሁ ቢሮአቸው ሄድኩ።

"ግድግዳውን መተው ይቻል ይሆን?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። "እህቴ፣ አንቺ እዚህ ነው የተወለድሽው፤ ባሮን አላስተምርሽም። ግን ነሐሴ ላይ የሚመጣው ውሃ ቀልድ አያውቅም። ያለ ግድግዳ ዳርቻው አይቆምም።"

"ግድግዳው ይቆም ይሆናል። ሴቶቹ ግን በየት ይወርዳሉ?"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "የሚወርዱበትም የሚቆምም ነገር ካለሽ አሳዪኝ" አሉ በመጨረሻ። "በወረቀት አይደለም። ወረቀት ሁሉን ይችላል።"

ይሄ ንግግር ነው መንገዱን የከፈተልኝ። ከአንድ የእህል መጋዘን አሮጌ ማዳበሪያ ከረጢቶች ለመንኩ፤ ባሮ በበጋ ሲጎድል አሸዋው እንደ ልብ ነው። ከሴቶቹ ጋር ሆነን ከረጢቶቹን በአሸዋ ሞልተን አቀበቱ ላይ በደረጃ ቅርጽ መደርደር ጀመርን። ከረጢት አሞላል ማንም አያስተምረኝም። በጣም ከጠበቀ እግር ያንሸራትታል፣ ከላላም ይሰምጣል። ሴቶቹ ውሃ የሞላ ጀሪካን በራሳቸው ተሸክመው ይወጣሉ፤ እኔ ከጎን ጉልበታቸውን አያለሁ። አንዷ ስትንገዳገድ እንቆማለን፤ ከረጢቱን ዝቅ እናደርገዋለን፤ እንደገና ትወጣለች። መሃል ላይ ሁሉም ትንፋሽ የሚያጥራቸው ቦታ ነበር። እዚያ ሰፊ ማረፊያ አበጀን፤ ጀሪካኑን ሳያጎነብሱ የሚያሳርፉበት ከፍ ያለ መደብም ጨመርንበት።

መሐንዲሱ መጀመሪያ ከላይ ቆመው ያዩ ነበር። አሮጊቷ ሲያዩአቸው በአማርኛ ጠሯቸው። አማርኛቸው እንደ ብዙዎቻችን ወላጆች ነው፤ አንተና አንቺ አይለይም። "አንቺ ኢንጂነር፣ ነይ ውረጂ። ከላይ ምን ይታይሻል?" አሏቸው። መሐንዲሱ ለምደውታል፤ ፊታቸው ሳይለወጥ "መጣሁ እናቴ" ብለው ጫማቸውን አውልቀው ወረዱ።

ከዚያ ቀን ወዲያ አልተለዩንም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከረጢቶቹን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆይተው፣ "ይህን ያየሁት አባቴ ማሳ ላይ ነው" አሉ። አባታቸው ዳገት ላይ እርከን ሠርተው በየጠርዙ ቬቲቨር ሳር ይተክሉ ነበር። የዚህ ሳር ሥር ወደ ታች ጠልቆ ስለሚሄድ አፈሩን እንደ መርፌና ክር ይሰፋዋል። "ከሥር፣ ውሃው የሚመታውን ቦታ፣ በሽቦ መረብ ውስጥ በታጨቀ ድንጋይ እንይዘዋለን። ደረጃው በዚያ ላይ ያርፋል። ከላይ ያለውን ሳሩ ይይዘዋል" አሉ። አዞው ትዝ ብሎኝ ሳሩ ወደ ውሃው እንዳይቀርብ፣ ሲያድግም እየታጨደ እንዲያጥር ጨመርኩበት። ግድግዳው በዚያ ከሰዓት በኋላ ከንድፉ ወጣ። እኔና እሳቸው አሸዋው ላይ ተቀምጠን በጣታችን ስንስል የተሳሳቅነውን ሳቅ አስታውሳለሁ።

ሁሉም ነገር ግን በሳቅ አላለፈም። በወንዙ ታች ወዳለችው ኢታንግ የሚመላለሱት የሞተር ጀልባ ሰዎች አንድ ጠዋት መጥተው የሴቶቹ ደረጃ የሚያርፍበትን ቦታ ይገባናል አሉ። በዕድሜ የገፋው ጀልባ ነጂ ድምጹን ከፍ አድርጎ፣ "ጭነት የምናወርደው እዚህ ነው። አባቶቻችንም እዚህ ነው ያወረዱት" አለ።

"ዘይታችሁ ልብሳችን ላይ ይፈሳል" አለች አንዲት አጣቢ።

"ታዲያ ሌላ ቦታ እጠቡ።"

አንዱ ወጣት ጀልባ ነጂ የታችኛውን ከረጢት በእግሩ ገፋው፤ ከረጢቱ ተቀዶ አሸዋው ፈሰሰ። ሴቶቹ በአንድ ላይ ተነሱ። ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ቋንቋ ስለሚናገሩ ነገሩ ከደረጃ አልፎ ሌላ መልክ እንዳይይዝ ፈራሁ።

አሮጊቷ በመሃል ገብተው የፈሰሰው አሸዋ ላይ ተቀመጡ። እሳቸውን ረግጦ የሚያልፍ አልነበረም። ጩኸቱ ሲበርድ መሐንዲሱ አንድ ደረቅ እንጨት ወርውረው ውሃው ወደየት እንደሚወስደው አሳዩ። "ጀልባው ከዚህ በታች ቢቆም ዘይቱ ወደ ሴቶቹ አይመጣም፤ ወደ ታች ይሄዳል" አሉ።

"እዚያማ ጥልቅ ነው፤ ለጀልባ ጥሩ ነው" አለ ሽማግሌው ጀልባ ነጂ። "ግን ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። ጭነት በምን ይወጣል?"

"በደረጃ ካልሆነስ?" አልኩት። "ዳገቱን በሰያፍ ብናቋርጠው፣ ጋሪ የሚወጣበት መንገድ ቢሆን?"

ዳገቱን አየው። ከዚያ ከረጢት አንስቶ ሄደና የመንገዱን መነሻ አስቀመጠ። ከረጢቱን የቀደደው ወጣት ሁለተኛውን ተሸከመ። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ሰያፉ መንገድ ዳገቱ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ሴቶቹም ከረጢት ያቀብሏቸው ነበር። የአሮጊቷ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ወሬውን ሰምተው መጡና፣ ከወንዙ ወደ ላይ በኩል ባለው ጸጥ ያለ ውሃ ዳር ለጥምቀት የሚሆን አንድ ሰፊ ደረጃ ጠየቁ። ቦታ አልጠፋም።

አለቃዬ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የጠበቀው የግድግዳውን ልኬትና የከተማውን ፊርማ ነበር። ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ ወደ ወንዙ ወሰድኩት። ሙቀቱ ሸሚዙን አጣብቆበታል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ከረጢቶቹን እያየ።

"ንድፉ ነው።"

"የእኔስ?"

አሮጊቷ የሞላ ጀሪካን አምጥተው እጁ ላይ አስያዙት። "አንቺ አለቃ፣ ይዘሽ ውጪ" አሉት። አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወንዙን አየሁ። ምን ያድርግ፣ ይዞ መውጣት ጀመረ። ከላይም ከታችም ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያያል። መሃል ላይ ሲደርስ ሳይነግሩት ጀሪካኑን መደቡ ላይ አሳርፎ ቀና አለ፤ ላቡን ጠረገ። እጁን መደቡ ላይ አድርጎ ዙሪያውን ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ የቀረውን ወጣ።

ተመልሶ ሲወርድ፣ "ማረፊያው ልክ ቦታው ላይ ነው" አለኝ። "ማን አገኘው?"

"ሁላችንም።"

"እንግዲያው ሜትሩን አምጪ" አለና ጉልበቱን አሸዋው ላይ አድርጎ ራሱ መለካት ጀመረ። ያን ቀን ሁለታችን አንድ ሜትር በሁለት ጫፍ ይዘን እስኪመሽ ለካን። እሱ የጨመረውም ነገር ነበር፤ እያንዳንዱ ደረጃ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል እንዲልና ደለሉ በራሱ ታጥቦ እንዲወርድ ያደረገው እሱ ነው። እንዲህ ሆኖ ሥዕሉ ተሠራ።

ግንባታው ሲጀመር ድንጋይ የሚጠርቡት ወጣቶች እኔን እንደ ቢሮ ሰው አዩኝ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ የማዕዘን ድንጋይ አልሰነጠቅ ብሎ አስቸግሯቸው ነበር። መዶሻ ተቀብዬ ድንጋዩን አገላበጥኩት፤ መስመሩን አገኘሁት፤ መታሁት። ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ በኋላ ምሳ ሲቀርብ ቦታ ይይዙልኝ ጀመር። እኔም ጠዋት ጠዋት ቁጥጥሬን ከማድረጌ በፊት አንድ ረድፍ ድንጋይ ከእነሱ ጋር አነጥፍ ነበር። ሰውነቴ ሥራውን አልረሳውም። ይህን ማወቅ ከምረቃ ቀኔ በላይ አስደሰተኝ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ደጋው ላይ የዘነበው ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። ባሮ ቀይ ሆነ፤ የታችኛውን ደረጃ ዋጠ፤ ማረፊያውንም ዋጠ። ግንድና ቅርንጫፍ ይዞ ሲያልፍ ድምጹ እስከ ገበያ ይሰማል። ቬቲቨሩ ገና ሥሩን አላጠለቀም። እኔና መሐንዲሱ በየቀኑ ሄደን ከላይ ቆመን እናያለን። ከተማው ውስጥም "ድንጋዩን ውሃ ወስዶታል" የሚል ወሬ ተሰማ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ያወሩት ነበር።

ውሃው ሲጎድል የታየው ደለል ብቻ ነበር። ደረጃ የሚባል ነገር የለም፤ ለስላሳ የጭቃ ቁልቁለት ብቻ። አካፋ ልፈልግ ስዞር ሴቶቹ መቆፈሪያና ሳፋ ይዘው እየወረዱ አየሁ። የጠራቸው ሰው የለም። ጀልባ ነጂዎቹም ከታች በኩል በመቅዘፊያ እንጨት ጭቃውን መግፋት ጀመሩ። መሐንዲሱ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቀለሉ። እኔም በእጄ ቆፈርኩ። የመጀመሪያው ድንጋይ ጠርዝ ጣቴን ሲነካኝ ጭቃውን በመዳፌ ጠረግኩት፤ ከዚያ አጠገቡ ያለውን፤ ከዚያ ቀጣዩን። አንዱም አልተነቃነቀም። በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ጣቴን ሰድጄ ሞከርኩ፤ አይገባም። ከላይ ደግሞ ቬቲቨሩ በጭቃ ተለውሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንዱን ለመንቀል ሳብኩት። አልመጣም።

"ቆመ" አሉ መሐንዲሱ። ዞር ብለው መነጽራቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። አሮጊቷ ዘፈን አነሱ፤ ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ባልዲ ባልዲ ውሃ እየደፋን ከታች እስከ ላይ አጠብነው። ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ሲያበራ ሁላችንም በጭቃ ተለውሰን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ኩራቱም የብቻዬ ስላልነበረ አላሳፈረኝም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፓስተሩ የመጀመሪያውን ጥምቀት አደረጉ። ነጭ የለበሱ ተጠማቂዎች በሰፊው ደረጃ ተራ በተራ ወረዱ፤ ከላይ ያሉት ደረጃዎች ለምእመናኑ መቀመጫ ሆኑ። የመሐንዲሱ ባለቤትም ነጠላቸውን ለብሰው መጥተው ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ያዩ ነበር። እናቴ ከአቦቦ መጥታለች። ደረጃውን እጄን ይዛ ወረደች፤ ቬቲቨሩ ሥር ያለውን አፈር ጎንበስ ብላ ነካችና ራሷን ነቀነቀች። ወደ ላይ ስንመለስ ማረፊያው ላይ ቆም ብላ፣ "አንቺ ነሽ የሠራሽው ይላሉ" አለችኝ።

"ከእነሱ ጋር ነው" አልኳት፤ አጣቢዎቹንም ጀልባ ነጂዎቹንም በእጄ እያሳየሁ።

"እንዲያ ነው የሚሻለው" አለች፤ እዚያው ተቀምጣም መዝሙሩን አብራ ዘመረች።

ወሬው በጀልባ ወደ ታች ወርዶ ኖሮ፣ በጋው ሳያልቅ ከኢታንግ ሰዎች መጡ። ደረጃውን ወጥተው ወርደው፣ "ይህንኑ ለእኛም ሥሩልን" አሉ። ይህንኑ መሥራት እንደማልችል ነገርኳቸው፤ የእነሱ ዳርቻ ሌላ ነው፤ ሰዉም ሌላ። አለቃዬን ደወልኩለት፤ እኔ ሳልጨርስ "መቼ ትሄጃለሽ?" አለኝ። መሐንዲሱ ከመሥሪያ ቤታቸው ፈቃድ ጠይቀው መኪናው ላይ አብረውኝ ተሳፈሩ፤ አሮጊቷም "እኔ ካልሄድኩ ማን ያናግራቸዋል?" ብለው የፊት ወንበሩን ያዙ። ኢታንግ ስንደርስ ዳርቻው ሰው በሰው ሆኖ ጠበቀን። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ዓሣ አጥማጆቹ በሌላ ወገን ቆመው መውረጃው በየት በኩል ይሁን በሚለው አስቀድመው ተከራክረዋል። አንድ ሰው ውሃው ዳር እየተመላለሰ በዘንጉ መስመር ያሰምራል፤ ሌላው ተከትሎ በእግሩ ያጠፋዋል። መሐንዲሱ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ።